ጥያቄ፦ ለባሌ የእግር ጉዞ የትኛው እሳት ማቀጣጠያ ይሻላል? ብልጭታው ይወጣል፣ እሳቱ አይያያዝም

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በኅዳር አጋማሽ ስድስት ሆነን ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ እንገባለን። ከዚያ አምስት ቀን በእግር ነው፤ ሁለቱን ሌሊት ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከፍተኛው ሜዳ ላይ፣ እናድራለን። የምናበስለው በጋዝ ምድጃ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ መጠባበቂያው እሳት ነው፤ ምድጃው ቢበላሽ ወይም ሰው በስብሶ ብርድ ቢይዘው የምንሞቅበትን እሳት የሚያስነሳ ነገር ማዘጋጀት።

8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፌሮ ሮድ ገዝቻለሁ፣ ያ ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጨው ጥቁር ዘንግ። ግቢ ውስጥ ስሞክረው ብልጭታው እንደ ርችት ይወጣል፣ ጥጡ ግን ጠቆር ብሎ ይቀራል። ጥፋቱ የዘንጉ ነው የእጄ? ከዚህ ሌላ ምን ልያዝ? ደግሞ አንዱ ጓደኛችን «ሐዋሳ ዙሪያ ባልጩት ሞልቷል፣ በቢላ እየመታን እናቀጣጥላለን» ይላል፤ ይሠራል? እንጨት ከእንጨት አሽከርክሮ እሳት ማውጣቱንስ መማር ይገባኛል? የት ነው መለማመድ የሚቻለውስ?

ሞረድ፦

እህቴ፣ በዘንጉ ላይ ከመፍረድሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ።

ቀለሙን። አዲስ ፌሮ ሮድ እርጥበት እንዳይበላው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የሚሸጠው። ቀለሙ እስኪነሳ ድረስ ጥሩ ብልጭታ አይሰጥም። ከጫፉ ጀምረሽ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ብርማ ሆኖ እስኪታይ ፋቂው። የቀረውን ተዪው፤ ቀለሙ ይጠብቀዋል።

መፋቂያውን። አብሮ የሚመጣው ቁራጭ ብረት ብዙ ጊዜ ጠርዙ ዱልዱም ነው። የሚፈለገው ስለት ሳይሆን ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ጠርዝ ነው። በቢላው ስለት ከፋቅሽ ቢላውን ታበላሺዋለሽ እንጂ የተሻለ ብልጭታ አታገኚም። የብረት መጋዝ ስባሪ ጀርባውን በሞረድ ቀጥ ካደረግሽው ከሚሸጠው ይበልጣል፤ ብረታ ብረት ቤት ሄደሽ የተሰበረ ብትጠይቂ በነፃ ይሰጡሻል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጠርዙን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ስትስቢው ስስ ዱቄት ካነሳ ደህና ነው፤ ተንሸራቶ ካለፈ ወደ ሞረዱ መልሺው።

ምክንያቱም የሚላጠው መፋቂያው አይደለም፣ ዘንጉ ነው። ፌሮ ሮድ ብረትና ሴሪየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው ነገር ነው፣ በላይተር ውስጥ ያለችው «ድንጋይ»ም እሱው ናት። የተላጠችው ቅንጣት አየር ሲያገኛት ራሷ ትነዳለች፤ ሙቀቷ 3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ዕድሜዋ ግን ዓይን እስኪጨፈን ነው። ስለዚህ ወፍራም ነገር ላይ ብታርፍ ሳታሞቀው ትሞታለች፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ክር ላይ ብታርፍ ወዲያው ታያይዘዋለች።

የአንቺም ችግር ሦስተኛው፣ ጥጡ፣ ይመስለኛል። «ጠቆር ብሎ ይቀራል» ያልሽው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ጥጡ ጥጥ አለመሆኑ ነው። የመዋቢያ ጥጥ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ፖሊስተር የተቀላቀለበት አለ። ትንሽ ቆንጥረሽ በክብሪት ለኩሺው፦ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ከሆነ ጣዪው። ሌላው ጥጡ ተጠቅልሎ እንደታመቀ መፋቁ ነው። መበተን አለበት፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ፣ ፈታዮች ጥጥ ሲያባዝቱ እንደሚያደርጉት።

አያያዙ ደግሞ እንዲህ ነው። የተባዘተውን ጥጥ ደረቅ እንጨት ላይ አስቀምጪ። የዘንጉን ጫፍ ጥጡ መሃል አስገብተሽ እንጨቱ ላይ ተጫኚው። መፋቂያውን ከዘንጉ ጋር አጋጥመሽ እጅሽን አደንድኚና መፋቂያውን ሳታንቀሳቅሺ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቢ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መፋቂያውን ወደ ፊት ይገፋል፣ እጁም ሄዶ ያዘጋጀውን ጥጥ ይበትነዋል። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን ብልጭታው እዚያው ይወድቃል።

ፍጥነት አያስፈልግም። ፈጥነሽ ስትፍቂ የሚወጣው ርችት ለዓይን ያምራል እንጂ ቅንጣቱ ደቃቅ ነው። ቀስ ብለሽ በኃይል ስትጫኚ ትልልቅ፣ እየነደዱ የሚወድቁ ጠብታዎች ይወጣሉ፤ እሳት የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። አየሩ እርጥብ ከሆነ በጣም ቀስ ብለሽ ብልጭታ ሳይወጣ ዱቄቱን ብቻ ጥጡ ላይ አራግፊ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ሲጠራቀም አንዴ አጥብቀሽ ፋቂ። ዱቄቱ አብሮ ይነዳል።

8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 10 ወይም 12 ብታገኚ ግን ለቀዘቀዘ እጅ ይመቻል፤ ቀጭኑ ሲጫኑት ሊሰበርም ይችላል።

ጋሼ ፍልጥ፦

ልጄ፣ ሞረድ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባብሽ። ዋናው መሣሪያሽ ላይተር ነው፣ ሁለተኛው ክብሪት፣ ፌሮ ሮድ ሦስተኛ። ፌሮ ሮድ የሚወደደው ውኃ ስለማይገድለውና ቶሎ ስለማያልቅ ነው። በላይተር በሁለት ሰከንድ የሚሆነውን በዘንግ ለማድረግ መልፋት፣ ያውም ሰው እየተንቀጠቀጠ፣ ጌጥ ነው።

ላይተር ስትገዢ ጎማዋን በአውራ ጣት የምታሽከረክሪውን ዓይነት ግዢ። ተጫን ብቻ የሚለው ኤሌክትሪኩ፣ እንዲሁም እያፏጨ ሰማያዊ ነበልባል የሚነፋው፣ ከፍታ ላይ ይለግማሉ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። ሐዋሳ ላይ ሞክሬው ሠራ ማለት እዚያ ይሠራል ማለት አይደለም። ሦስት ግዢ፦ አንዱ በአንቺ ልብስ ኪስ፣ አንዱ በቦርሳሽ፣ አንዱ በሌላ ሰው ኪስ። ቀለማቸው ደማቅ ይሁን፤ ሣር ላይ ሲወድቅ እንዲታይ። ከጋዝ መልቀቂያው ምላስ ሥር ናስትሮ ጠቅልይበት፣ ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ጋዙ እንዳያልቅ። ስትፈልጊው ናስትሮውን ትነቅይዋለሽ።

ቢረጥብ፦ ውኃውን አራግፊ፣ ጎማዋን እፍ በይ፣ ከዚያ ሱሪሽ ላይ ደጋግመሽ አንከባልያት። የምትሠራው ድንጋይዋ ስትደርቅ ነው። ቢቀዘቅዝ ብብትሽ ሥር አሥር ደቂቃ ያዢው። በውስጡ ያለው ቡቴን ብርድ ላይ ወደ ጋዝነት መለወጥ ይሰንፋል፣ ነበልባሉም ይኮሰምናል። ጋዙ ያለቀበትን ላይተር ደግሞ አትጣዪ፣ ብልጭታው የተባዘተ ጥጥ ያስነሳል።

ክብሪትን ሰው የሚንቀው በውኃ ስለሚበላሽ ነው፤ የሚበላሸው ግን ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን የሳጥኑ ጎንም ነው። ቀይ ፎስፈረሱ ያለው ሳጥኑ ጎን ላይ ነው፣ እንጨቱ ላይ አይደለም። የሳጥኑ ጎን ከረጠበ ሃምሳ ደረቅ ክብሪት ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ከሁለት ሳጥን ጎን ጎኑን ቆርጠሽ አውጪ፣ ለየብቻ በላስቲክ ጠቅልይ። ሻማ አቅልጠሽ የክብሪቱን ጭንቅላት ከነአንገቱ አንዴ ነክረሽ አውጪ፤ ሰሙ ፈልቶ እስኪጨስ እሳት ላይ አትተዪው። ስትለኩሺ ጫፉ ላይ ያለውን ሰም በጥፍርሽ አንሺ፣ አለበለዚያ ጎኑን ሰም ቀብቶ ያበላሸዋል። ሠላሳ ያህሉን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተሽ ላዩን በጥጥ ጠቅጥቂ፣ እንዳይንኳኳ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጧፍ። ከላይተር ቀጥታ ወደ ጭራሮ የሚሄድ ሰው ጣቱን ያቃጥላል፣ ጋዙንም ይጨርሳል። ጧፉን በላይተር አብሪና ላይተሩን ወደ ኪስሽ መልሺ። ከዚያ በጧፉ ተረጋግተሽ ጭራሮውን ከሥር ለኩሺ። ሰሙ እየተንጠባጠበ ለራሱ ማገዶ ይሆናል። ጣት የሚያህል ቁራጭ አሥር ብትይዢ ክብደቱ አይታወቅሽም። ዕጣንም በነበልባል ሲነካ ይነዳል፣ ግን በዛሬ ዋጋ ዕጣንን ማገዶ ማድረግ ኃጢአት ነው።

ሐይቅ ዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ሞረድ አንተንም። ጥጡን በክብሪት ለኮስኩት፣ ቀለጠ። ከፋርማሲ ሌላ ገዛሁ፤ አባዝቼ ቀለሙን ከፋቅሁ በኋላ በአራተኛው ተያያዘ። ግን ሃያ ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ጠፋ፤ ጭራሮውን ጨምሬ ሳልጨርስ። ስለ ባልጩቱም አልመለሳችሁልኝም።

ሞረድ፦

ደረቅ ጥጥ ዕድሜው እሱ ነው። ቫዝሊን ያስፈልገዋል። የእንቁላል መጠን ያለው የተባዘተ ጥጥ ወስደሽ የአተር ፍሬ የሚያህል ቫዝሊን ከአንድ ጎኑ አሺበት፣ ሌላውን ጎን ደረቅ ተዪው። ብልጭታውን ደረቁ ይቀበላል፣ ቫዝሊኑ ያቆየዋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይነዳል። ሰው የሚሳሳተው «በበዛ ቁጥር» ብሎ ጥጡን ቫዝሊን ውስጥ ሲያሰጥመው ነው። ያ በላይተር ይነዳል፣ በብልጭታ ግን አይነሳም። ሃያ ያህል አዘጋጅተሽ ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ ዕቃ አሽጊ። ስትጠቀሚ ደግሞ እንደገና አባዝቺው፣ ታምቆ ስለሚሰነብት።

ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ካላማዳሪም ለምኚ። የጣት ስፋት አድርገሽ ስትቆርጪው በላይተር ይነሳል፣ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ጠርገሽው ይነዳል። ጭሱ ጥቁርና መጥፎ ነው፤ ለማብሰያ አይሆንም፣ አፍንጫሽንም አርቂ። ለክፉ ቀን ግን አምስት ቁራጭ ትያዝ።

ወደ ባልጩቱ። ጓደኛሽ ግማሹን አግኝቷል። የእኛ ሰው ባልጩት የሚለው ብዙ ጊዜ ኦብሲዲያንን ነው፣ ጥቁሩን መስታወት የሚመስለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ከሐዋሳ በስተሰሜን፣ ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ባለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ላይ በሽ ነው። ችግሩ፣ ድንጋይን በብረት መትቶ እሳት ማውጣት ማለት ድንጋዩ ከብረቱ ላይ ቅንጣት ይላጥ ማለት ነው፤ የምትነደው የብረቱ ቅንጣት ናት። ለዚያ ድንጋዩ ከደነደነ ብረት መጠንከር አለበት። ኦብሲዲያን ሞህስ በሚባለው፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ 5 ወይም 5.5 አካባቢ ነው፣ ተሰባሪም ነው፤ ብረቱን ሳይልጥ ራሱ ይፈረፈራል፣ ፍንጣሪውም ለዓይን አደገኛ ነው። ነጩ ኳርትዝ 7 ነው፣ እሱ ይሠራል። ብረቱም ተራ የወጥ ቤት ቢላ ሳይሆን ካርቦን የበዛበት የደነደነ ብረት መሆን አለበት። አሮጌ ሞረድ ከሁሉ ይሻላል፤ የአንዱን ጎን ጥርስ አስልተሽ ማጥፋት ብቻ ነው፣ ሲሳል ግን ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጣ ማለት ነው።

ነገር ግን የባልጩት ስባሪ ሌላ ሥራ አለው። ለፌሮ ሮድ ከብረት መፋቂያ አያንስም! ጠርዙ መስታወት ስለሆነ ዘንጉን ቅርፍት አድርጎ ይልጠዋል። መፋቂያው ቢጠፋባችሁ ባልጩት ወይም የጠርሙስ ስባሪ ፈልጉ፤ በጨርቅ ያዙት እንጂ እጅ ይቆርጣል።

ጭራሮ ለቃሚ፦

ስለ ብረትና ድንጋይ ካነሳችሁ አይቀር፣ ያ ብልጭታ ከፌሮ ሮድ በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነ ተራ ጥጥ አያስነሳም። የከሰለ ጨርቅ ይፈልጋል። አሮጌ ነጠላ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ ንጹህ ጥጥ እስከሆነ ድረስ (ጥለቱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ክሩ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው)። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ በደንብ አጥባችሁ ክዳኑን በምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱት። ጨርቁን በአራት ማዕዘን እየቆረጣችሁ ሳትጠቀጥቁ ደርድሩበት፣ ከድናችሁ ከሰል ምድጃ ላይ አስቀምጡት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ፣ አንሱትና ቀዳዳውን በስንጥር ድፈኑት። ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት፤ አየር ሲገባ ጨርቁ ይያያዝና አመድ ትታቀፋላችሁ። ጥቁር ሆኖ ሲነኩት ካልፈረሰ ተሳክቷል፤ ቡናማ ከሆነ ወደ ከሰሉ ይመለስ።

የከሰለው ጨርቅ ነበልባል አይሰጥም፣ ፍም ብቻ ነው። ፍሙን የደረቀ ሣር ወይም ቃጫ ጎጆ ውስጥ ከታችሁ ከሥር ወደ ላይ በዝግታ እፍ ማለት ነው። አጥብቃችሁ ከነፋችሁት ፍሙ ይበተናል።

ለዚህ ጉዞ ግን እኔ ከማቀጣጠያው ይልቅ የምፈራው ማገዶውን ነው። ሐይቅ ዳር፣ «ጭራሮውን ጨምሬ ሳልጨርስ ጠፋ» ነው ያልሽው። ጭራሮው መቅረብ ያለበት ከመለኮስሽ በፊት ነው። መጠኑን እንዲህ ያዢ፦ የክብሪት እንጨት የሚያህል ሁለት እፍኝ ሙሉ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው አንድ እቅፍ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሁለት እቅፍ። ብዙ ሰው የዚህን ሩብ ሰብስቦ ይለኩሳል፣ ከዚያ ጎንበስ ቀና እያለ ሲለቅም እሳቱ ይሞትበታል።

ከመሬት የተነሳ እንጨት እርጥብ ነው፣ ቢመስልም ባይመስልም። ዛፍ ላይ ቆሞ ወይም ተንጠልጥሎ የደረቀውን ስበሪ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያዢው፣ ከተለመጠ ተዪው። ዝናብ ከጣለ የእጅ አንጓ ውፍረት ያለውን ደረቅ ቅርንጫፍ ፍለጪ። ውጪው ቢበሰብስም ውስጡ ደረቅ ነው። ውስጡን በቢላ ስስ ስስ አድርገሽ ፋቂ፣ ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ እንጨቱ ላይ እንደተጠቀለለ ይቆይ። እንዲህ ያለ አራት እንጨት ካለሽ ዝናቡ አያሳስብሽም። መሬቱ እርጥብ ወይም በረዶ ከሆነ ደግሞ ጣት የሚያህሉ እንጨቶች ደርድረሽ እሳቱን እነሱ ላይ አስነሺ፤ እርጥብ አፈር ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል።

ማያያዣ ከየቦታው፦ ሐዋሳ ዙሪያ እንሰቱ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀው ቅጠል ክረምት እንኳ ከውስጥ በኩል ደረቅ ይገኛል። ቃጫ በእጅ ታሽቶ ሲላላ ጥሩ ጎጆ ይሆናል። ከባህር ዛፍ ላይ እየተላጠ የሚንጠለጠለው ልጥ ይነዳል፣ ቅጠሉም ዘይት አለው። ወደ ዶዶላ ስትወጡ የጥድ ልጥ አለ። ውጪው በእጅ ሲታሽ እንደ ፀጉር ይሆናል፣ ከወደቀ ወይም ከደረቀ ዛፍ ላይ ብቻ ውሰዱ። ኮሶና አስታ የሚባሉት የደጋ ዛፎች ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበትም ደርቆ ከሆነ ይያያዛል፤ ጉም ሲኖር ግን ውኃ ይጠጣል፣ በሱ አትመኩ። ሳነቴ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ እንጨት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ለእሱ የሚሆነውን ማያያዣ ከታች ይዛችሁ ውጡ። ደረቅ ኩበት ካገኛችሁ ፍም ያቆያል፤ በነበልባል ቶሎ አይነሳም፣ ከተነሳ ግን እንደ ዳፈኑት ረመጥ ሰዓታት ይቆያል።

ኮሶ ሥር፦

ከላይ ያሉት ሁሉ እሳቱን ስለማስነሳት ነው፤ እኔ ስለማስነሳት አልጨምርም። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። አስታ እርጥብም ሆኖ ይነዳል፣ እዚያ ሰደድ እሳት ትልቁ ጉዳት ነው። ዲንሾ ጽሕፈት ቤቱ ስትመዘገቡ እሳት የት እንደሚፈቀድ ጠይቁ፣ አብሯችሁ የሚሄደው ጥበቃ የሚላችሁን ስሙ። እሳቱ በእርግጥ የመጨረሻ መጠባበቂያ ይሁን። ካስነሳችሁ ዙሪያውን ሁለት ሜትር ሣሩን አጽዱ። ስታጠፉ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ ከዚያ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። አፈር ማልበስ ማጥፋት አይደለም፣ መዳፈን ነው! እናቶቻችን እሳት የሚያሳድሩት በዚያው ዘዴ ነው።

ብርዱ ሲጠና ደግሞ ፍም ወይም ከሰል ድንኳን ውስጥ የሚያስገባ አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። በር ገርበብ አድርጌ ብሎ ነገር የለም፣ አይገባም። ምድጃውም እንደዚያው። ቤንዚን እሳት ላይ ማርከፍከፍም ይቅር፤ እንፋሎቱ ቀድሞ ይያያዝና ነበልባሉ ወደ እጅ ይመጣል።

ሐይቅ ዳር፦

ገባኝ። የቀረው እንጨት በእንጨት ማሽከርከሩና ልምምዱ ነው። ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ ልለማመድ አስቤ ነበር፤ ይቻላል?

ጋሼ ፍልጥ፦

ታቦር ላይ አይሆንም ልጄ፤ ሐይቁ ዳርም እንደዚያው። ሰው የሚዝናናበት፣ ሣር ያለበት ቦታ ነው። ግቢሽ ውስጥ በብረት ምጣድ ላይ አሸዋ አድርገሽ፣ ባልዲ ውኃ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ተለማመጂ። ለጎረቤት ንገሪ፣ ጭስ አይተው እንዳይሮጡ።

ማሽከርከሩን ለዚህ ጉዞ ተዪው። ለማወቅ ከወደድሽ ሞረድ ይንገርሽ።

ሞረድ፦

ጋሼ እንዳሉት ነው፤ በጉም ውስጥ በእርጥብ እንጨት ለመማር የሚሞክር ሰው ላብ ብቻ ነው የሚያተርፈው፣ ላቡም ያቀዘቅዘዋል። በጋ ላይ ግቢ ውስጥ ለመሞከር ግን ይህን ያዢ፦ እንጨቱ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ፣ ሙጫ የሌለው፣ አጥንት የመሰለ ደረቅ ይሁን። የቃጫ ተክል የሚያወጣው ረጅም የአበባ ዘንግ ሲደርቅ ከሁሉ የቀለለ ነው። የሚሽከረከረው ዘንግ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ የአውራ ጣት ውፍረት፤ ከሥር ያለው ጣውላ 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት። መጀመሪያ ጉድጓዱን በማሽከርከር አቃጥይ፣ ከዚያ ከጣውላው ጠርዝ ወደ ጉድጓዱ መሃል የሚደርስ፣ እንደ ተቆረሰ የዳቦ ቁራጭ የሆነ ሰርጥ ቁረጪ፤ ሰፊው ወደ ውጪ። ዱቄቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ዘንጉን የምታሽከረክሪው በቀስት ነው፣ ገመዱን ዘንጉ ላይ አንዴ ጠምጥመሽ ቀስቱን ወዲያ ወዲህ እየሳብሽ፤ ለገመዱ የጫማ ክር ይሆናል። ከላይ የምትይዢበትን ድጋፍ ቫዝሊን ቀቢው፣ የታችኛውን በፍጹም።

ከጮኸና እንጨቱ ካብረቀረቀ ተወልውሏል፤ ትንሽ አሸዋ ጨምሪበት ወይም ፍቂው። ዱቄቱ ቡናማ ከሆነ ግፊቱና ፍጥነቱ አንሷል፤ ጥቁር ሆኖ ማሽከርከር ካቆምሽ በኋላም ከራሱ ከዱቄቱ ጭስ ከወጣ ፍም አለሽ። እዚያ ላይ አትቸኩዪ፣ ግማሽ ደቂቃ ተዪው፣ ይጠናከር።

ጭራሮ ለቃሚ፦

ልምምዱን ደረጃ በደረጃ አድርጊው። መጀመሪያ ደረቅ ቀን፣ ቫዝሊን በነካው ጥጥ፣ በፌሮ ሮድ። ከአሥር ሙከራ ዘጠኙ በአምስት ፍቂያ ውስጥ እስኪያያዝ ድረስ ወደሚቀጥለው አትሂጂ። ከዚያ በግራ እጅ። ከዚያ እጅሽን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነክረሽ ሳትጠርጊ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፣ ጣት ሲደነዝዝ የላይተር ጎማ እንኳ አይዞርም፣ ፌሮ ሮድ በጭብጥ ስለሚያዝ ያኔ ነው የሚበልጠው። ከዚያ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከግቢና ከመንገድ ዳር ባገኘሽው ማያያዣ ብቻ። መጨረሻው ፈተና አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው ፍቂያ እስከ ግማሽ ሊትር ውኃ መፍላት፣ ሰዓት ይዘሽ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ከፈላ ደህና ነሽ። ነበልባል ማየት አያታልልሽ፣ ውኃ የማያፈላ እሳት ሰው አያሞቅም።

ስድስታችሁም ተለማመዱ። አንቺ ብቻ ካወቅሽና የምትንቀጠቀጪው አንቺ ከሆንሽ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ይቀራል።

ሐይቅ ዳር፦

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንድ ሰው ኪስ የሚገባው የቱ ነው?

ጋሼ ፍልጥ፦

ለእያንዳንዱ ሰው በዚፕ ላስቲክ ውስጥ፦ አንድ ላይተር፣ አምስት ቫዝሊን የነካው ጥጥ፣ ሁለት ቁራጭ ጧፍ፣ አንድ ቁራጭ ካላማዳሪ። ይህ ከልብሱ ኪስ አይውጣ፣ ቦርሳው በቅሎ ላይ ሊሆን ይችላል። ፌሮ ሮድ ለስድስታችሁ ሁለት፤ መፋቂያውን ከዘንጉ ጋር በገመድ እሰሩት። ክብሪቱ አንቺ ጋ። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽሮው ይሆናል፣ ምስር ግን ስለማይበስል አትሸከሙ፤ የምድጃውን ጋዝ ይጨርስባችኋል።